በበርበሬ ያላለቀሰች

ቡታጅራ በርበሬ ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ዋጋ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴዎቹም ቢሆኑ ጆንያ ሲገለበጥና ዛላ ሲቀነጠስ አፍንጫቸውን በሻሽና በነጠላ ጠቅልለው ነው የሚሠሩት። ፊቷን ሳትሸፍን የምትውለው መንበረ ብቻ ናት። አቧራው ሲነሳ ዓይኗ አይቀላም፣ አይረጥብም። ወፍጮ ቤት ስትሄድም ሌላው ከደጅ ቆሞ ሲያስል እሷ ከወፍጮው አፍ ሥር ሆና ዱቄቱን በጣቷ እያሸች "ትንሽ አልምልኝ" ትላለች።

ፈቲሀ አጠገቧ ኮረሪማና ዝንጅብል ትሸጣለች። ለገበያተኛው ሁሉ የምታወራው ስለዚሁ ነው።

"የዚህች ሴት ዓይን ፕላስቲክ ነው ወላሂ! እኛ ሠርግ ላይ ስናለቅስ እሷ በርበሬ ላይ ትስቃለች።"

መንበረም ትስቃለች። ለንግድም ጥሩ ነው፤ "ያቺ የማታለቅሰዋ ጋ ሂዱ" ተብሎ የተላከ ደንበኛ ብዙ ነው። ዓይኗን ያደረቀው ግን ተፈጥሮ ይሁን ልማድ፣ ወይስ ቀረጢቷ ውስጥ ያለው ክኒን፣ ለረጅም ጊዜ አስባው አታውቅም ነበር።

ክኒኑ ሴትሪዚን ይባላል። ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው፣ መሐሉ ላይ ሰንጠቅ ያለ መስመር አለው። ማታ ከራት በኋላ አንድ ትውጣለች። ስትጀምረው የበኩር ልጇ ገና አልተራመደም ነበር፤ ልጁ አሁን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ይማራል።

ነገሩ የመጣው በመዳፏ ነው። ልጁን እያጠባች ሳለ መዳፏን በላት። ከዚያ ክንዷን፣ ከዚያ ወገቧን፣ ከዚያ ጀርባዋን። ቆዳዋ ንብ የነደፈው ይመስል ተድቦልቡሎ ይነሳል፤ እያየችው ይጠፋና ሌላ ቦታ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማስነጠሱ አለ፤ አልጋ ላይ እንዳለች ጀምራ ምድጃ እስክታቀጣጥል አያባራም። አንዷ ጎረቤት ደምሽ ቆሽሿል አለቻት። ሌላዋ ትል ነው አለች። ሰገራ ተመረመረችና ጃርዲያ ተገኘባት፤ ማንስ ተመርምሮ ጃርዲያ ሳይገኝበት ተመልሷል? መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ጃርዲያው ሄደ፣ ማሳከኩ ባለበት ቆየ። ፀበል ገባች። ፀበሉ ቀዝቃዛ ስለነበር ከሥሩ እስከቆመች ድረስ ፈወሳት፤ ስትወጣ ግን በላት። "በርበሬውን ብትተዪ ይሻልሻል" አሏትና አንድ ወር ያህል ቤት ዋለች። ቤትም በላት። ተመልሳ ገበያ ወጣች።

በመጨረሻ ባሏ ግሩም ወልቂጤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ጀርባዋን አየ፣ ጥቂት ጠየቃት፣ ሳይቸኩል አስረዳት።

"ይህ ሥር የሰደደ የቆዳ አለርጂ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው አይገኝም። በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜም ሊሄድ ይችላል። እስከዚያው ይህችን በቀን አንድ ውሰጂ። በሦስተኛው ወር ተመለሺ፣ አሁንም ያስፈልግሽ እንደሆነ እናያለን።"

ክኒኗ ሠራች። መንበረ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታክክ አደረች። ሦስተኛው ወር ሲደርስ ግን አዲስ በርበሬ ወደ ገበያ የሚገባበት ወቅት ሆነ። ወልቂጤ ሄዶ መምጣት ደግሞ አንድ ሙሉ የገበያ ቀን መጣል ነው።

"ደህና ሆኜ ሐኪም ቤት ምን አደርጋለሁ?" አለች ለግሩም።

ደህና የሆነችው በክኒኗ ነበር፤ ክኒኗ ታስፈልጋት ወይም አታስፈልጋት እንደሆነ ግን ከዚያ ወዲህ የጠየቀ ሰው የለም። ፋርማሲ ትገባለች፣ "ሴትሪዚን" ትላለች፣ ይሰጧታል። በዚህ መልክ ልጅ አደገ።

ከመድኃኒት ጋር የሚኖር ሰው ቤቱንም በመድኃኒቱ ልክ ያደራጃል። መንበረ አንድ ስትሪፕ ክኒን በቀረጢቷ፣ አንድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አንድ ደግሞ በግሩም ቦርሳ ውስጥ ታስቀምጣለች። ግሩም መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ስለሚነግድ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የሚመጣው፤ "ሚስቴን ባልይዝ ክኒኗን ይዣለሁ" ይላል። አፏ ስለሚደርቅ የውኃ ጠርሙስ ከአጠገቧ አይለይም፤ ቅርንፉድም ትይዛለች። ከምሳ በኋላ የዓይኗ ቆብ ይከብዳል፤ በዚያ ሰዓት ሚዛን የምትይዝላት ፈቲሀ ናት። ወገቧም ሰፍቷል፤ እሱን በክኒኗ ታሳብባለች፣ ፈቲሀ ግን በክትፎው ነው ትላለች።

ለክፉ ቀን የሚሆን ደግሞ ሌላ አለ፤ ቢጫዋ። የድሮ መድኃኒት ናት፣ ክሎርፌኒራሚን የምትባለው። አቧራ የበዛበት ቦታ ስትሄድ፣ ወይም ነጯ ያልቻለችው ቀን ሲመጣ በላይዋ ቢጫዋን ትጨምራለች። ቢጫዋ ማሳከኩንም ሰውዬውንም አንድ ላይ ነው የምታስተኛው።

ስለ መንበረ ጀርባ ከሐኪሙ በላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር አማቷ አዛለች ነበሩ። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ባለ መንደር፣ ባጃጅ የሚቆምበት ድረስ ሄዶ ትንሽ በእግር ሽቅብ ነው ቤታቸው። መንበረ ገና ክኒን ሳትጀምር፣ ሕፃኑን ታቅፋ ሄዳ አንድ እሑድ ጀርባዋን ከበሩ መቃን ጋር ስትፈትግ አገኟት። የእንሰት ቃጫ አመጡ፣ በድንጋይ ቀጥቅጠው እንደ ጥጥ አለሰለሱት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ነከሩት፣ አስቀመጧትና ጀርባዋ ላይ አሳረፉት። አላሹም፤ ጫን አድርገው ያዙት፣ ሲሞቅ ነክረው መለሱት። ከዚያ ወዲህ መንበረ በመጣች ቁጥር ይኸው ነው። ክኒኗን ከጀመረች በኋላ እንኳ፣ ብዙም ሳይበላት፣ አሮጊቷ አይተዉም ነበር።

"ነይ እስቲ፣ ክኒንሽ እንዴት እንደሠራች ልያት" ይላሉ።

"ደህና ነኝ እኮ እማዬ።"

"ለጀርባሽ ነው የምነግረው፣ ላንቺ ማን ነገረሽ? እኔ ከጀርባሽ ጋር ያለኝ ወዳጅነት ከገዛ ልጄ ጋር የለኝም።"

አዛለች ባለፈው ሐምሌ አረፉ። ታመው ብዙ አልቆዩም።

ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጭቃው ላይ ሣርና ጭድ ተነሰነሰ። ጭዱ ያደረ ነበርና ሰው ሲረግጠው የሻገተ ሽታ ይወጣዋል። መንበረ ገና ስትገባ አፍንጫዋ ውስጥ ጀመራት። ይህን ታውቀዋለች፤ ከአፍንጫ ተነስቶ አንገት፣ ከአንገት ጀርባ ይሄዳል። የመንደሩ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በአማቷ ለቅሶ ላይ ስታክክ የምትታይ ምራት መሆን አልፈለገችም። ከድንኳኑ ኋላ ዞር ብላ ሁለት ቢጫ ዋጠች። ማታ የዋጠቻት ነጭም በውስጧ አለች።

ማሳከኩ ጠፋ። ከማሳከኩ ጋር ሌላውም ሁሉ ጠፋ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ መንበረም ደቃች፣ ድምፅም አወጣች፤ እንባ ግን የለም። ዓይኗን ጨፍና አማቷን አሰበች፣ ቃጫውን አሰበች፣ ምንም። ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቋል፣ ዓይኗ እንደ አሸዋ ይቆረቁራታል። አስከሬኑ ሲወጣ እንኳ ጉንጯ ደረቅ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በማግስቱም ጭዱን ፈርታ እንደዚያው ዋጠች። ከሰዓት በኋላ ቄሱ እየጸለዩ፣ ሰዉ ጸጥ ባለበት፣ መንበረ ከድንኳኑ ምሰሶ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። መተኛት ብቻ ሳይሆን አንኮራፋች። ጎኗን ጎሽመው ሲቀሰቅሷት መጀመሪያ ያየችው የሰርካለምን ፊት ነው።

ሰርካለም የግሩም ታላቅ እህት ናት። የአዛለች የበኩር ልጅ፣ ሰፊ ትከሻ፣ አጭር ንግግር። ከእናቷ ሞት በኋላ በዚያ ቤት የሚሆነውን የምትወስነው እሷ ነች። ያን ቀን ለመንበረ ምንም አልተናገረችም። የተናገረችው ማታውን ለሴቶቹ ነው፤ ቡታጅራ ለመድረስም አልዘገየም።

"በበርበሬ ያላለቀሰች በእናቴ ታለቅሳለች ብላችሁ ነው?"

የገበያ ቀልድ የነበረው ነገር እንዲህ ሆኖ ተመለሰ።

የአርባው ተዝካር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር። ሥራ ሲከፋፈል ለሁሉም ምራት ደረሰ፤ ለአንዷ ጠላ፣ ለአንዷ ቆጮ፣ ለአንዷ ወጥ። ለመንበረ የደረሳት በስልክ፣ ያውም በባሏ በኩል ነው።

"ምን አለች?" አለችው ግሩምን።

ግሩም ጉሮሮውን ጠረገ። "'ሚስትህ እንግዳ ሆና ትምጣ' ነው ያለችው።"

"እንግዳ?"

"እንግዳ።"

ይህን የሚሰማ የውጭ ሰው መከበር ይመስለዋል። ምራት በአማቷ ተዝካር እንግዳ ከሆነች ግን ከቤቱ ወጥታለች ማለት ነው። ተዝካሩ ባለፈ በጥቂት ሳምንት መስቀል ነው። በመስቀል ሰው ሁሉ ከያለበት ወደዚያ ቤት ይገባል፤ ምራቶቹ ጎመኑን የሚከትፉት፣ ቅቤውን የሚያነጥሩት አንድ ላይ ሆነው ነው። በተዝካር እንግዳ የሆነች በመስቀልም እንግዳ ናት፤ በሚቀጥለው መስቀልም። ልጆቿም የእንግዳ ልጆች ናቸው። ግሩም እህቱን ለመለመን ሞከረ፤ ሰርካለም "እኔ ያየሁትን ነው የማውቀው" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መንበረ ነገሩን ለፈቲሀ አወራችላት። ፈቲሀ ኮረሪማ እየፈለፈለች አዳመጠችና ወዲያው ፈረደች።

"ክኒኑን ተዪዋ!"

"ምን?"

"ያደረቀሽ እሱ አይደለም? ተዪው፣ ዓይንሽ ይርጠብ፣ ተዝካሩ ላይ ሄደሽ አልቅሺላት፣ አለቀ። መንቢ፣ እንባ ነው የፈለገችው፣ እንባ ስጫት።"

ምክሩ ስህተት መሆኑን ሁለቱም አላወቁም። መንበረ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ተዝካሩ ሲቃረብ ነጯንም ቢጫዋንም በአንድ ቀን ተወች።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነችም። "ይኼን ሁሉ ዘመን በከንቱ ነው የዋጥኩት!" ብላ ተቆጨች። በማግስቱም ደህና ዋለች፤ ወደ ማታ ግን መዳፏ መሐል አንድ ነጥብ በላት። ሲነጋ መዳፏ ብቻ አልነበረም፤ ውስጥ እግሯ፣ የራስ ቆዳዋ፣ የጆሮዋ ቀዳዳ፣ የጣቶቿ መካከል ሁሉ ነደደ። የድሮው ማሳከክ ቦታ እየመረጠ ይመጣ ነበር፤ ይሄኛው ሁሉንም በአንዴ ነው የያዘው። በዚያ ላይ እጇ በርበሬ ነክቷል። ያከከችበት ሁሉ ተቃጠለ።

ፈቲሀ አይታ ደነገጠች። "ያ ረቢ! ተነሺ፣ ሙከሚል ጋ ሂጂ። ሚዛኑን እኔ እይዘዋለሁ።"

ሙከሚል ከመናኸሪያው በላይ ያለ ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ፋርማሲስት ነው። ሴትሪዚን ስትገዛ ሁሌ ያያታል፤ ለራሷ መሆኑን፣ ያውም በየቀኑ መሆኑን ግን ነግራው አታውቅም። ስትነግረው እጁን ከመደርደሪያው አወረደ።

"ከስንት ጊዜ ጀምሮ?"

"ልጄ ከመራመዱ በፊት።"

"ልጅዎ አሁን..."

"ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ነው።"

"እና በአንድ ቀን ተዉት።"

"ተውኩት።"

ሙከሚል ወንበር አመጣላት። "ይህን መድኃኒት ረጅም ዘመን ወስዶ ድንገት ያቆመ ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት ከባድ ማሳከክ አንዳንዴ ይመጣል። ሁሉም ላይ አይደለም፤ እርስዎ ላይ ግን መጥቷል። የድሮ በሽታዎ ብሶ ላይሆን ይችላል፤ ከማቆምዎ የመጣ ይመስለኛል። መልሰው ይጀምሩት፣ ይበርዳል። መተው ከፈለጉ ደግሞ ሐኪም እያየዎት ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።"

"እሺ። ከተዝካሩ በኋላ።"

"ተዝካሩ እስኪያልፍ ቆዳዎ ይጠብቅዎታል?"

ያኔ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ሁለቱ ቢጫዎች፣ ስለ ማንኮራፋቱ ነገረችው። ሙከሚል ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ።

"ጥፋቱን በነጯ ላይ አይጣሉባት። እሷ ትንሽ ነው የምታደርቀው። ቢጫዋ ናት ክፉ፤ አፍም አፍንጫም ዓይንም ማድረቅ ታውቅበታለች፣ ማስተኛቱንማ እርስዎም አይተውታል። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጭራሽ አይገባም ነበር። እንባዎን የከለከለችው እሷ ናት ብዬ ግን ልምልልዎት አልችልም።"

"ይህንኑ ለሰርካለም ጽፈህ ስጠኝ።"

"ማዘዣ ላይ?"

"የፈለግከው ላይ።"

"እትዬ መንበረ፣ የማሳከክ መድኃኒት አለኝ። የሰርካለም መድኃኒት የለኝም።"

አንድ ስትሪፕ ገዛች፣ ቀረጢቷ ውስጥ ከተተች። አልዋጠችም። ተዝካሩ ነገ ነበር፤ እስካሁን የቻለችውን አንድ ቀን አልችልም አላለችም።

በማግስቱ ከራሷ በርበሬ ምርጡን አስፈጭታ፣ በላስቲክ አሥራ ይዛ ሄደች። ግሩም ጎኗ ነው። ሰርካለም ከደጅ ተቀበለቻቸው፤ ወንድሟን ሳመች፣ ላስቲኩን አየች።

"በርበሬ ተገዝቷል" አለች።

"ከኔ እያለ?"

"ተገዝቷል አልኩሽ። ግቢና ተቀመጪ፣ እንግዳ አይቆምም።"

መንበረ ከእንግዶቹ መካከል ተቀመጠች። ፍትሐቱ ተጀመረ። እሷ የምትሰማው ግን ቆዳዋን ነው። ጣቶቿን ቆልፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ አንዴ ማከክ ከጀመረች ማቆሚያ እንደሌለው ታውቃለች። ውስጥ እግሯ ጫማዋ ውስጥ ይንገበገባል፣ ጀርባዋ ላይ ጉንዳን የሚተራመስ ይመስላታል። ጥርሷን ነከሰች። በዚያ መሐል ዓይኗ ሞላ። መጀመሪያ አንድ ጠብታ ወረደ፣ ከዚያ ማቆም አቃታት፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

"አያችሁ?" አለች አንዲት አሮጊት ለጎረቤቷ። "ሆዷ ውስጥ ኖሯል ልጅቷ።"

"ኀዘን እንደዚህ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።"

ወሬው ወጥ ቤት ደረሰ። ሰርካለም ማማሰያዋን እንደያዘች መጥታ ከበሩ ላይ ቆማ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመንበረን ትከሻ ያዘች። ድምፅዋ ተለውጧል።

"በቃሽ፣ በቃሽ እህቴ። ነይ ወደ ውስጥ ግቢ። ወጡን ቅመሺልኝ፣ በርበሬውን አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

መንበረ ያሰበችው ሁሉ ሆነ። እንግድነቷ በዚያች ደቂቃ ቀረ። ተነስታ ተከተለቻት፤ ወጥ ቤት ስትደርስ ግን "መጣሁ" ብላ በጓሮ በር ወጣች፣ እንሰቶቹ መካከል ገባች፣ ከጎተራው ቋሚ ጋር ጀርባዋን አስደግፋ መፈተግ ጀመረች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ዓይኗን ጨፍናለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ሰርካለም ነበረች። ውኃ ልታመጣ ወጥታ ጆግ ይዛለች።

መንበረ ቆመች። እጇ ቀድሟት መለሰ፤ አንገቷን እየቧጠጠ ነበር።

ሰርካለም ጆጉን መሬት አስቀመጠች። "ያ እንባ የምን ነው?"

መዋሸት ትችል ነበር። ነገሩ ተስተካክሏል፣ አሮጊቶቹ መስክረዋል፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። መንበረ ግን የሰርካለም እጅ ትከሻዋ ላይ ገና ይሰማት ነበር፤ በዚያ እጅ ላይ ውሸት መጨመር ከበዳት።

"የማሳከክ ነው" አለች። "ክኒን አለኝ፣ በየቀኑ የምውጠው። ሐምሌ ላይ ሌላ ደርቤ ዋጥኩ፣ ደረቅሁ፣ ተኛሁም። አሁን ደግሞ እንዳለቅስልሽ ብዬ ሁሉንም ተውኩት። ይኸው በላኝ። ያለቀስኩት ለቆዳዬ ነው።"

"ለእናቴ አላለቀስሽም።"

"አላለቀስኩም። ልቤ አልቅሷል ብልሽ ታምኚኛለሽ?"

"አላምንሽም።"

"እኔም አልልሽም፣ እትዬ።"

ሰርካለም ጠጋ አለች። ከውስጥ ድስት ሲከደን ይሰማል።

"ዙሪ" አለቻት። "ጀርባሽን አሳዪኝ።"

መንበረ ዞረች፣ ቀሚሷን ከትከሻዋ አወረደች። ጀርባዋ በሰንበርና በጥፍር መስመር ተሞልቷል። ሰርካለም ወደ ቤት ገብታ ጠፋች። ሄደች ብላ መንበረ ቀሚሷን መልሳ ልትለብስ ስትል፣ አንድ እጇ ላይ ጥቅል ቃጫ ይዛ ተመለሰች። ነጭ፣ የተቀጠቀጠ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ።

"ይኼን ከእናቴ መደብ በላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ ተሰቅሎ አገኘሁት። ዛሬ ድስት ላጥብበት ነበር። ያንቺ ነው?"

"የእማዬ ነው። ለኔ ጀርባ የምታለሰልሰው።"

ሰርካለም ቃጫውን ጆጉ ውስጥ ነከረችው። "ከፋሲካ በፊት ይሄንን ስትቀጠቅጥ አይቻታለሁ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። 'ለማን ነው? ተዪው' አልኳት። 'ለሰው ነው፣ አንቺ ምን አገባሽ' አለችኝ።" ጨመቀችውና የመንበረ ጀርባ ላይ ጫን አደረገችው። እናቷ ታደርግ እንደነበረው አልነበረም፤ የእሷ እጅ ከባድ ነው። "አንቺ ለእናቴ ስታለቅሺ አላየሁም። እሷ ግን ላንቺ ስትለፋ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ያየሁትን ነው የማውቀው። እሷ ሰው ያለችውን እኔ እንግዳ ልል አልችልም።"

ውኃው በመንበረ አከርካሪ ወረደ።

"ግን አንኮራፍተሻል!" አለች ሰርካለም ድንገት።

"አንኮራፍቻለሁ።"

"ያውም ቄሱ ፊት!"

"ቄሱ ፊት።"

ሰርካለም አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ በሩቅ ያያት ሰው ለእናቷ የምታለቅስ ይመስለው ነበር። ሲበርድላት ዓይኗን ጠረገች።

"ክኒንሽ የት አለ?"

"ቀረጢቴ ውስጥ።"

"ዋጪያት።"

"እንግዲህ ተዝካሩ እስኪያልፍ..."

"ዋጪያት አልኩሽ! እኔ ዛሬ የምፈልገው ወጥ የሚቀምስልኝ ሰው ነው፣ ጎተራዬን የሚያፈርስ አይደለም።"

ከጆጉ በተረፈው ውኃ ዋጠቻት። እንግዳ በልቶ ሳህን መታጠብ ሲጀመር ማሳከኩ ጋብ ማለት ጀምሮ ነበር። ላስቲክ ውስጥ የነበረው በርበሬም ተፈትቶ ለሁለተኛው ድስት ዋለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፣ ፈጣን ግን አይደለም። መስቀል ሳይደርስ መንበረ ልጇን መጠየቅም ሰበብ ሆኗት ወልቂጤ ሄደች፣ በሦስተኛው ወር ተመለሺ የተባለችበትን ቀጠሮ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ አከበረች። የድሮው ሐኪም ተዛውሯል፤ አዲሷ ሐኪም ሰምታት ነጯን እንድትቀጥል፣ ሰውነቷ ሲረጋጋ በመጠኑ እንድትቀንስ፣ ቢጫዋን ጨርሶ እንዳትደርብ ነገረቻት። አሁን አንድ ቀን ትውጣለች፣ አንድ ቀን ትዘላለች። ልትቸኩል ስትል መዳፏ ይነግራታል፤ ያኔ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ጨርሳ ትተዋት እንደሆነ አይታወቅም፤ ሐኪሟም ቃል አልገባችላትም። የበርበሬ አቧራ ሲነሳ ዓይኗ አሁን ትንሽ ይረጥባል። ፈቲሀ "ፕላስቲኩ ቀለጠ!" ብላ ገበያውን አዳርሳለች።

በመስቀል፣ የጎመን ክትፎ ቀን፣ ሰርካለም ቢላዎቹን ስታከፋፍል የመጀመሪያውን ለመንበረ ሰጠቻት። ምራቶቹም ሁሉ አዩ።

ጥቅምት ላይ በዚያው መንደር ሌላ ለቅሶ ሆነ። መንበረ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሰርካለም አጠገቧ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገችላት። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ ለዙሪያዋ ሴቶች ተናገረች።

"ይህች መድኃኒት ላይ ናት። ብትደርቅም ብትተኛም ከኔ በቀር ማንም እንዳይናገራት።"

መንበረ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች። አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ቄሱ ጸሎት እንደጀመሩ የሰርካለም ክርን ጎኗ ውስጥ ገባ፤ አጥንት የሚያገኝ ክርን ነው።

"አልተኛሁም እኮ፣ እትዬ" አለች በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ" አለች ሰርካለም፣ ፊቷን ወደ ቄሱ እንዳደረገች። "ይኼ የሐምሌው ነው።"